ሆስፒታል ለምትሰሩ ሶሻል ወርከሮች፦ የዘር ፍትሕን በየእለቱ ስራችሁ ውስጥ እንዴት ትሰሩታላችሁ

አሜሪካ ውስጥ ሆስፒታል፣ ክሊኒክ ወይ ዲያሊሲስ ማእከል ሶሻል ወርከር ሆናችሁ የምትሰሩ፣ ወይም ማስተርሳችሁን እየተማራችሁ ፕራክቲከም ላይ ያላችሁ ሐበሾች ይሄ ለናንተ ነው። በየዓመቱ ስለ ዘርና ስለ ጤና እኩልነት ኦንላይን ትሬኒንግ ይሰጠናል፣ ስላይዱን ጠቅ ጠቅ አድርገን ጥያቄውን መልሰን ሰርተፊኬቱን ሴቭ አድርገን እንወጣለን፣ ሰኞ ጠዋት ያው ዲስቻርጅ (ከሆስፒታል መውጣት) የሚጠብቅ ሰው ተደርድሮ ይጠብቀናል፣ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። እኔ ስራው ላይ ሆኜ እንደገባኝ በሽተኛ ላይ የሚደርሰው በደል አብዛኛው ፊት ለፊት ስድብ ሆኖ አይመጣም፣ በተራ ወረቀት በኩል ነው የሚያልፈው፣ በቻርት፣ በፎርም፣ በአንድ የስልክ ጥሪ፣ ማንም ሳያየው ባለፈ ዴድላይን፣ እና ከዛ ወረቀት ብዙው የሚጻፈው በኛ እጅ ነው። ስለዚ እኔም ስለ ወረቀቱ ነው የማወራው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው፣ ግራ እንዳይገባችሁ።)

ልዩነቱ ምን ያህል ነው ለምትሉ፣ በ2023 የሲዲሲ (የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማእከል) ቁጥር ከ100,000 በሕይወት ከተወለዱ ሕፃናት አንጻር ከወሊድ ጋር በተያያዘ የሞቱት ጥቁር እናቶች 50.3 ሲሆኑ ነጮቹ 14.5 ነበሩ። ቺካጎን ብትወስዱ ደግሞ በ2019 የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባወጡት ትንተና ስትሪተርቪል በሚባለው ሰፈር ሰው የሚኖረው አማካይ እድሜ 90 ገደማ ነው፣ እዛው ከተማ ውስጥ ኢንግልዉድ 60 ገደማ፣ ሰላሳ ዓመት ልዩነት! ይሄ ከደም የመጣ ነገር አይደለም። በ1930ዎቹ የመንግስት የቤት ብድር ተቋም የጥቁሮችን ሰፈር ካርታ ላይ ቀይ እየቀባ አደገኛ ብሎ መደበው፣ ብድር የለም፣ ቤት የለም፣ ሱቅ የለም፣ ክሊኒክ የለም፣ ልጅ ልጁም እዛው ቀረ።

እዚ ጋ አንድ ነገር ልበልና ልለፍ። ከኛ መሀል "እኛ እኮ እንደነሱ አይደለንም፣ እኛ ሐበሻ ነን" የሚል አለ፣ ብሬክ ሩም ውስጥ በአማርኛ ስለ ጥቁር አሜሪካውያን በሽተኞች የሚባለውን ሁላችንም ሰምተነዋል። ተዉት። እኛን እዚ ያመጣን የ1965ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ ራሱ እነሱ ደማቸውን ባፈሰሱበት የሲቪል ራይትስ ዘመን የወጣ ነው፣ ደግሞም ድንገተኛ ክፍል ገብታችሁ ያመኛል ስትሉ ነርሷ የአክሱምን ታሪክ አትጠይቃችሁም።

መጀመሪያ ለምን እንደማያምኑን እወቁ

አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ "እዚ ወረቀት ላይ አልፈርምም" ሲሏችሁ አስቸጋሪ ናቸው ብላችሁ ከመደምደማችሁ በፊት ታስኪጊን አስቡ። ከ1932 እስከ 1972 የአሜሪካ የሕዝብ ጤና አገልግሎት አላባማ፣ ሜከን ካውንቲ ውስጥ ወደ 600 የሚጠጉ ጥቁር ወንዶችን "መጥፎ ደም አለባችሁ፣ እናክማችኋለን" እያለ ቂጥኝ ሰውነታቸው ላይ ምን እንደሚሰራ ቁጭ ብሎ ይከታተል ነበር። 399ኙ በሽታው ያለባቸው ናቸው፣ ፔኒሲሊን በ1940ዎቹ መጨረሻ ዋናው መድኃኒት ከሆነ በኋላም አልሰጧቸውም፣ ነገሩ ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ነው የቆመው። የሆስፒታል መለያየቱም ሩቅ አይደለም፣ በ1963 ግሪንስቦሮ ላይ በሞዝስ ኮን ሆስፒታል ጉዳይ ፍርድ ቤት እስኪወስንና የ1964ቱ የሲቪል ራይትስ ሕግ እስኪወጣ ድረስ በመንግስት ገንዘብ የተሰሩ ሆስፒታሎች ጥቁር አናክምም ይሉ ነበር፣ ከዛም በኋላ ብዙዎቹ በር የከፈቱት ሜዲኬር፣ የመንግስት የአረጋውያን ኢንሹራንስ፣ በ1966 ሲጀምር ገንዘቡን ለማግኘት ብለው ነው። ሽማግሌው ይሄን ከመጽሐፍ አላነበቡትም፣ በእድሜያቸው ያዩት ነው።

እና ሐኪሞቹ ብቻ እንዳይመስሏችሁ። ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ ከ1929 እስከ 1974 ወደ 7,600 ሰዎች እንዳይወልዱ ተደርገዋል፣ እዛ ስቴት ላይ ደግሞ ሶሻል ወርከር ራሱ "ይቺ ሴት ትምከን" ብሎ ለቦርዱ ማመልከት ይችል ነበር፣ ያመለከቱም ብዙ ናቸው፣ በኋለኞቹ ዓመታት ኢላማው በአብዛኛው ጥቁር ሴቶች ሆነዋል። የኔቲቭ አሜሪካውያንም ጉዳይ እንደዛው ነው፣ የ1978ቱ የኔቲቭ አሜሪካውያን ልጆች ደህንነት ሕግ ከመውጣቱ በፊት ከ25 እስከ 35 በመቶ የሚሆኑት ልጆቻቸው ከቤተሰብ ተለይተው ነበር፣ ወሳጆቹ እነማን ነበሩ? የኛው ሙያ ሰዎች። የአሜሪካ የሶሻል ወርከሮች ብሔራዊ ማኅበር በ2021 ስለዚ ታሪክ በይፋ ይቅርታ ጠይቋል።

ይሄን ማወቅ ለስራ ምን ይጠቅማል? እምቢታን እንደ መረጃ መያዝ ይጀምራል ሰው። "ለምን አይፈርሙም" ከማለት ይልቅ "ከዚ በፊት ሆስፒታል ውስጥ ያጋጠመዎት፣ እኔ ማወቅ ያለብኝ ነገር አለ?" ብላችሁ ጠይቁና ዝም በሉ፣ ዝምታው እንዳያስጨንቃችሁ። ፎርሙን ጥላችሁላቸው ሂዱ፣ ነገ እመለሳለሁ በሉ፣ ተመለሱ። መመለሱ ነው ዋናው፣ ብዙ ሰው እመለሳለሁ ብሏቸው ቀርቷል።

ቻርቱ

ሐኪም ፔሸንቱን ሳያየው በፊት የሚያየው የናንተን ኖት ነው፣ ስለዚ እዛ ላይ ያሰፈራችሁት አንድ ቃል በሽተኛውን ከክፍል ክፍል፣ ከሆስፒታል ሆስፒታል ይከተለዋል። በ2022 ሄልዝ አፌርስ ላይ የወጣ የቺካጎ ጥናት ከ18,000 በላይ በሽተኞችን ኖት መርምሮ እንደ "ተባባሪ አይደለም" "ቁጡ ነው" ያሉ አሉታዊ ገለጻዎች ጥቁር በሽተኞች ቻርት ላይ የመገኘት እድላቸው ከነጮቹ 2.54 እጥፍ እንደሆነ አግኝቷል። ሐኪሞቹ ጭንቅላት ውስጥ ያለው ደግሞ ራሱ ጣጣ ነው፣ በ2016 የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ላይ ከተጠየቁት ነጭ የሕክምና ተማሪዎችና ሬዚደንቶች ግማሽ ያህሉ ስለ ጥቁር ሰው አካል ቢያንስ አንድ ሐሰት ነገር ያምኑ ነበር፣ ቆዳቸው ወፍራም ነው የሚል ሳይቀር። እንዲ የሚያስብ ሰው እጅ ላይ "ነን-ኮምፕላያንት" (የታዘዘውን አያደርግም) የሚል ኖት ሲወድቅ ምን እንደሚሆን አስቡት።

አጻጻፉን በምሳሌ ላሳያችሁ። "ፔሸንቱ ኢንሱሊኑን በትክክል አይወስድም፣ ነን-ኮምፕላያንት ነው" የሚለውን አጥፉትና "ከስራ ሲቀነስ ኢንሹራንሱ ስለተቋረጠበት ኢንሱሊኑ እስከ ወሩ መጨረሻ እንዲደርስለት መጠኑን እየቀነሰ ይወጋ እንደነበር ነግሮኛል፣ የሜዲኬይድ ማመልከቻ ዛሬ አስገብተናል" ብላችሁ ጻፉ (ሜዲኬይድ ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው የመንግስት ኢንሹራንስ ነው)። ሁለተኛው ይረዝማል፣ አዎ፣ ግን የሚቀጥለው ሐኪም ምን ማድረግ እንዳለበት ይነግረዋል፣ የመጀመሪያው ግን ስለ ሰውየው ጸባይ ብቻ ነው የሚያወራው። "ፔሸንት ክሌምስ" የሚለውንም ተዉት፣ ይዋሻል እንደማለት ነው፣ "ሪፖርትስ" ወይ "ሰይስ" በቂ ነው። የተናገረውን ነገር በትእምርተ ጥቅስ ስታስገቡም ተጠንቀቁ፣ ጥቁር በሽተኛ ሲሆን አነጋገሩን ለማሾፍ የሚመስል ጥቅስ ይበዛል፣ አንብቡትና ራሳችሁ ፍረዱ። ሌላ፣ የኢሚግሬሽን ሁኔታን ኖት ውስጥ አትጻፉ፣ ለየትኛው ፕሮግራም ብቁ ነው አይደለም የሚለው በቂ ነው።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ዚ (Z) ኮድ። የበሽታ ኮዶቹ ውስጥ ከZ55 እስከ Z65 ያሉት ለኑሮ ሁኔታ ናቸው፣ ቤት ማጣት፣ ምግብ ማጣት፣ ስራ ማጣት፣ ወዘተ። የኮዲንግ መመሪያው እነዚን ኮዶች ከሶሻል ወርከር፣ ከኬዝ ማኔጀርና ከነርስ ኖት ላይ ወስዶ ማስገባት ይፈቅዳል፣ የግድ ሐኪሙ ራሱ እንዲጽፈው አይጠበቅም። ከኦክቶበር 2023 ጀምሮ ደግሞ ሜዲኬር ቤት አልባነትን የታካሚውን ጉዳይ እንደሚያከብድ ነገር ስለቆጠረው የሆስፒታሉ ክፍያ ላይ ለውጥ ያመጣል፣ በዓመቱ ቤታቸው ያልተረጋጋ ሰዎችም ተጨመሩ። ትርጉሙ ምን መሰላችሁ፣ "ከጓደኛ ጓደኛ ሶፋ ላይ ያድራል" ብላችሁ በግልጽ ከጻፋችሁ ኮዱን የምታስገባው ሰራተኛ ታገኘዋለች፣ ሆስፒታሉም በቁጥር ያየዋል፣ "ሶሻል ኢሹስ አሉት" ብላችሁ ካለፋችሁት ግን የለም ማለት ነው። አንድ ቀን ከኮዲንግ ክፍሉ ጋር ቡና ጠጡ፣ ምን አይነት አጻጻፍ እንደሚጠቅማቸው ይነግሯችኋል።

አስተርጓሚ፣ እና እናንተን አስተርጓሚ ሲያደርጓችሁ

የ1964ቱ ሕግ አንቀጽ ስድስትና የአፎርደብል ኬር አክት (ኦባማኬር) አንቀጽ 1557 አንድ ላይ ሆነው የሚሉት የፌዴራል ገንዘብ የሚወስድ ሆስፒታል ብቁ አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ አለበት ነው። በሽተኛው ሰው ይዞ ይምጣ ማለት አይቻልም። ልጅ ማስተርጎም አይችልም፣ ሕይወት አደጋ ላይ ሆኖ ሌላ ማንም ከሌለ በስተቀር። የአስር ዓመት ልጅ ለእናቱ "ካንሰር ነው ይላሉ" ብሎ እንዲያስተረጉም ሲደረግ ካያችሁ እዛው አስቁሙት፣ ስልኩን ወይ አይፓዱን እናንተ አምጡት፣ ከዛ ኖት ላይ የአስተርጓሚውን መለያ ቁጥር ጻፉ። ቁጥር ከሌለ ማለት አስተርጓሚ አልነበረም ማለት ነው፣ ኋላ ላይ ክርክር ቢነሳ የሚታየው እሱ ነው።

የኛ ችግር ሌላ ነው። አማርኛ ወይ ትግርኛ ወይ ኦሮምኛ ስለምንችል ከየፎቁ እየተጠራን "አንዴ ና ይሄን አስረዳልኝ" ይሉናል፣ እኛም ያገራችን ሰው ስለሆኑ እንሄዳለን፣ እሺ ደግ ነው፣ ግን የሕክምና ቃል ተፈትናችሁ ያልተረጋገጠላችሁ ከሆነ ቋንቋውን ስለምትናገሩ ብቻ ብቁ አትባሉም፣ ስሕተት ቢፈጠር ጣጣው ለናንተም ለበሽተኛዋም ነው። በዛ ላይ እያስተረጎማችሁ ሶሻል ወርከር መሆን አይቻልም፣ የሷን ጥቅም ወግናችሁ መናገር ያለባችሁ ሰዓት ላይ የሌላ ሰው አፍ ሆናችኋል። እኔ የምመክረው "መጥቼ አብሬያት እቀመጣለሁ፣ አስተርጓሚ ግን አስጠሩ" ማለት ነው። ትንሽ ይቀየማሉ፣ ይለምዱታል። ሌላው ችግር ደግሞ እኛው ጋ ነው፣ አንዳንድ በሽተኛ ያበሻ አስተርጓሚ አልፈልግም ይላል፣ ነገሬ ቤተክርስቲያን ይደርሳል ብሎ ይፈራል፣ ልክ ነው፣ ሌላ ስቴት ያለ የስልክ አስተርጓሚ፣ ስሙን ሳይናገር፣ ይሻለዋል።

ዋሽንግተን ዲሲ ያላችሁ ደግሞ ጥሩ መሳሪያ አላችሁ፣ የ2004ቱ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የከተማው መስሪያ ቤቶች አስፈላጊ ወረቀቶችን እንዲያስተረጉሙ ያስገድዳል፣ አማርኛም ከቋንቋዎቹ አንዱ ነው። የአማርኛ ፎርም የለንም ካሏችሁ በጽሑፍ ጠይቁ።

ስልኩን ከማንሳታችሁ በፊት

እዚ ላይ ረዘም አደርጋለሁ ምክንያቱም ከምናደርገው ነገር ሁሉ የሰው ሕይወት የሚገለብጠው ይሄ ነው፣ የሕጻናት ጥበቃ መደወል። ሕጉ ማንዴትድ ሪፖርተር ያደርገናል፣ በደል አለ ብሎ ለመጠርጠር በቂ ምክንያት ካለን መደወል ግዴታ ነው፣ እሱ ላይ ቀልድ የለም፣ ማንም ሱፐርቫይዘር አትደውሉ ሊላችሁ አይችልም። ግን ማን ላይ ነው የምንደውለው? በ1990 የወጣው የፍሎሪዳ ፒኔለስ ካውንቲ ጥናት እስካሁን የሚጠቀሰው በምክንያት ነው፣ 715 ነፍሰ ጡሮች ሽንት ሲመረመር አደንዛዥ ነገር የተገኘባቸው ከነጮቹ 15.4 በመቶ፣ ከጥቁሮቹ 14.1 በመቶ ነበሩ፣ ነጮቹ እንዲያውም በትንሹ ይበልጣሉ፣ ለባለስልጣን ሪፖርት የተደረጉት ግን ጥቁሮቹ በአስር እጥፍ ገደማ ይበልጡ ነበር። በ2017 የወጣ ሌላ ስሌት ደግሞ በዚ አገር ካሉ ጥቁር ልጆች 53 በመቶ 18 ዓመት ሳይሞላቸው አንዴ ቢሆን የሕጻናት ጥበቃ ምርመራ ቤታቸው ይገባል ይላል፣ ከሁሉም ልጆች ሲታይ 37 በመቶ ነው።

ስለዚ ከመደወላችሁ በፊት ራሳችሁን የምትጠይቁት ነገር ይኑር። ያየሁት በደል ነው ወይስ ድህነት? ሕጻኑ ያለ ጃኬት የመጣው ስለተጣለ ነው ወይስ ጃኬት ስለሌለ? ጃኬት ከሆነ ችግሩ ጃኬት አምጡ። የወሊድ ቀጠሮ ያመለጣት እናት የምትሰራበት ቦታ ፈቃድ ይሰጣል? ሽንቷ የተመረመረው በምን ምክንያት ነው፣ ጠይቀዋት ፈቅዳ ነው ወይስ "ሁሌ እንደዛ ነው የምናደርገው" ተብሎ? ሁሌ ከሆነ በዛው ፎቅ ላይ ያሉት የግል ኢንሹራንስ ያላቸው ነጭ እናቶችም ተመርምረዋል? ይሄ የመጨረሻው ጥያቄ ሰው ያስቀይማል፣ ግን ቀስ ብላችሁ "መስፈርቱ በጽሑፍ አለ?" ብላችሁ ብትጠይቁ ብዙ ጊዜ የለም፣ የነርሷ ግምት ነው፣ እና የተጻፈ፣ ለሁሉም እኩል የሚሰራ መስፈርት እንዲወጣ መግፋት አንዱ ትልቁ ስራችሁ ሊሆን ይችላል።

መደወል ግድ ከሆነ ደግሞ፣ ልጁን አደጋ ላይ የማይጥል ከሆነ ለእናትየው አስቀድማችሁ ንገሯት። ምን እንዳያችሁ፣ ምን እንደምትሉ፣ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ። ስትደውሉም ጥሩውን አብራችሁ ተናገሩ፣ አያት አለች፣ አልጋ ተዘጋጅቷል፣ በየቀኑ ሕጻኗን ልታጠባ ትመጣለች። የስልኩ ሰራተኛ የሚሞላው ፎርም ላይ የሚገባው እናንተ ያላችሁት ብቻ ነው።

ገንዘብ

እዚ ብዙ አልቆይም፣ ግን ዴድላይኖቹን በቃል ያዙ። ለትርፍ ያልቆመ ሆስፒታል ሁሉ የገንዘብ እርዳታ ፖሊሲ ሊኖረው ግድ ነው፣ ቻሪቲ ኬር የምንለው። ከመጀመሪያው ቢል ቀን ጀምሮ 240 ቀን ድረስ ማመልከቻ መቀበል አለባቸው፣ በመጀመሪያው 120 ቀን ደግሞ መክሰስ ወይ ክሬዲት ማበላሸት አይችሉም። ሰው ከፍሎ ከጨረሰ በኋላ ብቁ ሆኖ ከተገኘ የተረፈው ይመለስለታል። ፎርሙን ዲስቻርጅ ወረቀት መሀል ከማስገባት እዛው አልጋው አጠገብ አብራችሁ ሙሉ። ፖሊሲው ላይ የትኞቹ ሐኪሞች እንደሚሸፈኑ ዝርዝር አለ፣ እሱን እዩ፣ ሰመመን የሰጠው ሐኪም ለብቻው ቢል ሲልክ ሰው ይደነግጣል። ድንገተኛ ክፍል ደግሞ ከ1986 ጀምሮ በሕግ ገንዘብም ወረቀትም ሳይጠይቅ መርምሮ ማረጋጋት አለበት።

ስለ ስደተኞች ግን ድሮ የምታውቁትን አትመኑ። በጁላይ 2025 የወጣው የበጀት ሕግ ሪፊውጂና አሳይሊ (ጥገኝነት ያገኙ) የሆኑ ሰዎች ፉድ ስታምፕና ሜዲኬይድ የሚያገኙበትን መንገድ አጥብቦታል፣ የሜዲኬይዱ ከኦክቶበር 2026 ጀምሮ ነው፣ አንዳንድ ስቴት በራሱ ገንዘብ ይሸፍናል አንዳንዱ አይሸፍንም። ማንንም "ይሰጥሃል" ከማለታችሁ በፊት የሊጋል ኤይድ (የነጻ የሕግ እርዳታ) ጠበቃ ጋ ደውሉ፣ ስልኩን ፈልጋችሁ አሁን ሴቭ አድርጉት።

ኩላሊት፣ እኛን በቀጥታ የሚመለከት

"ሶሻል ወርከር ስለ ላብራቶሪ ምን አገባው" የሚል ካለ ይሄን ያንብብ። የኩላሊት አቅም የሚለካበት ስሌት፣ ኢ-ጂ-ኤፍ-አር የሚሉት፣ ለዓመታት ጥቁር ለተባለ ሰው ሁሉ ውጤቱን በማባዣ ከፍ ያደርግ ነበር፣ በ2009ኙ ስሌት 1.159 ነው። ማለትም ያለማባዣው 19.8 የሚወጣለት ሰው ጥቁር በመሆኑ 23 ይባላል፣ ለንቅለ ተከላ ወረፋ ጊዜ የሚቆጠረው ደግሞ 20 ወይ ከዛ በታች ሲወርድ ነው። በቃ፣ ኩላሊቱ እየሞተ ወረፋው አይቆጠርም። በ2021 ዘር የሌለበት አዲስ ስሌት ወጣ፣ ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ ደግሞ የንቅለ ተከላ ሆስፒታሎች በድሮው ስሌት የተጎዱ ጥቁር ተጠባባቂዎችን ፈልገው የጠፋባቸውን የወረፋ ጊዜ እንዲያስመልሱ ታዘዙ።

ዲያሊሲስ ማእከል ሁሉ ማስተርስ ያለው ሶሻል ወርከር እንዲኖረው የሜዲኬር ግዴታ ነው፣ ስለዚ ይሄን የሚጠይቅ ሰው እናንተ ናችሁ። ወረፋ ላይ ያለውን እያንዳንዱን ጥቁር ፔሸንት "የወረፋ ጊዜህ ተመርምሯል? ደብዳቤ ደርሶሃል?" በሉት፣ ከዲያሊሲስ በፊት የነበሩ የድሮ ክሬቲኒን (የኩላሊት የደም ምርመራ) ውጤቶቹን ከየክሊኒኩ ሰብስባችሁ ለንቅለ ተከላው ቡድን ላኩ፣ ብዙ ጊዜ የሚጎድለው እሱ የድሮ ወረቀት ነው፣ በተለይ ስቴት የቀየረ ሰው። የኛ ሰዎች ደግሞ ፎርም ላይ ዘር ሲጠየቁ "አዘር" (ሌላ) ብለው ይሞላሉ፣ ሲስተሙ ላይ ጥቁር ተብሎ ያልተመዘገበ ሰው ከፍለጋው ሊታለፍ ይችላል፣ እሱንም አጣሩ።

ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያም እንደዛው፣ በ2020 የወጣ ጥናት መሳሪያው የኦክስጅን ማነስን ሳያሳይ የሚያልፍበት አጋጣሚ ጥቁር በሽተኞች ላይ ወደ ሦስት እጥፍ የሚጠጋ እንደሆነ አሳይቷል። ቤተሰቡ "መተንፈስ አቅቶታል" እያለ "ቁጥሩ ጥሩ ነው" እየተባለ ከሆነ የደም ምርመራ ይደረግ ብላችሁ ነርሷን ጠይቁ። መጠየቅ እንጂ ማዘዝ አይደለም የኛ ስራ፣ ግን መጠየቅ ይበቃል ብዙ ጊዜ።

ከአንድ ሰው ወደ ብዙ ሰው

አንድ ሰው ስትረዱ ዋላችሁ፣ ነገ ያው ችግር ይዞ ሌላው ይመጣል፣ ይሄ ነው የሚያቃጥለን። ስለዚ ቁጠሩ። ስም የሌለበት፣ መለያ የሌለበት፣ የስራ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ያለ ቀላል ሰንጠረዥ ክፈቱና አንድ ነገር ብቻ ምረጡ፣ ለምሳሌ ሴኩሪቲ የተጠራባቸው በሽተኞች፣ ወይ ያለ አስተርጓሚ ዲስቻርጅ የተደረጉ፣ ወይ የሽንት ምርመራ የታዘዘባቸው እናቶች። ሁሉን ልቁጠር ያለ ሰው ሁለት ሳምንት አይቆይም። ከዛ ለኳሊቲ (የአገልግሎት ጥራት) ክፍሉ "ይሄን በዘርና በቋንቋ ከፋፍላችሁ ልታወጡልኝ ትችላላችሁ?" በሉ፣ ዳታው አላቸው፣ የጠየቃቸው ሰው ስለሌለ ነው። የበሽተኛውን ጠቅላላ ቁጥርም አብራችሁ ጠይቁ፣ ሴኩሪቲ ከተጠራባቸው ግማሹ ጥቁር ናቸው ማለት ከበሽተኛው ስንቱ ጥቁር እንደሆነ ካልታወቀ ምንም አይልም፣ ሚቲንግ ላይ አንድ ሰው እሱን አንስቶ ያፈርስባችኋል።

ሚቲንጉ ላይ የማንንም ስም አታንሱ። "ዶክተር እንትና ዘረኛ ነው" ካላችሁ ወሬው ስለ ዶክተሩ ልብ ይሆናል፣ ሁሉም ሊከላከልለት ይነሳል፣ ቁጥሩ ይረሳል። "መስፈርታችን ስላልተጻፈ ይሄ ልዩነት መጥቷል፣ ረቂቅ አዘጋጅቻለሁ" በሉ። ብቻችሁን አትግቡ፣ አንድ የምታከብሯትን ቻርጅ ነርስ አስቀድማችሁ አሳዩአት። ከሚቲንጉ በኋላ የተባለውን በኢሜይል ጻፉ፣ ማን ምን እስከ መቼ።

የኛን ማኅበረሰብ በተመለከተ፣ በማርች 2024 የፌዴራሉ መንግስት የዘር አመዘጋገብ ደረጃውን ሲያሻሽል "ጥቁር ወይም አፍሪካን አሜሪካን" ከሚለው ስር "ኢትዮጵያዊ" የሚል የራሱ ሳጥን በናሙናው ፎርም ላይ አስገብቷል። ሆስፒታላችሁ የምዝገባ ፎርሙን ሲቀይር ይሄን እንዲጨምር ጠይቁ፣ ካልተቆጠርን የስኳርና የደም ግፊት ችግራችን በሌላው ቁጥር ተውጦ ነው የሚቀረው። ለትርፍ ያልቆሙ ሆስፒታሎች ደግሞ በየሦስት ዓመቱ የአካባቢውን የጤና ፍላጎት ማጥናት አለባቸው፣ ሪፖርቱ ዌብሳይታቸው ላይ አለ፣ የሚቀጥለው መቼ እንደሆነ እዩና የእድር ሰብሳቢዎችን፣ የቤተክርስቲያንና የመስጊድ ኮሚቴዎችን ስብሰባው ላይ ይዛችሁ ቅረቡ። ማንም አይጠራቸውም፣ እናንተ ካልጠራችኋቸው።

ውስጥ ውስጡን ሞክራችሁ ካልሆነ በሽተኛው ራሱ ለፌዴራሉ የጤና ሚኒስቴር የሲቪል ራይትስ ቢሮ ማመልከት ይችላል፣ ነገሩ ከሆነ በ180 ቀን ውስጥ፣ በራሱ ቋንቋ። እናንተ መንገዱን ማሳየት ነው። ራሳችሁን ለመጠበቅ ደግሞ መቼ ለማን ምን እንዳላችሁ ቀኑን መዝግቡ፣ የበሽተኛ መረጃ ግን ወደ ቤት አይሄድም፣ ወደ ግል ኢሜይልም። ሕግ አውጪዎች ፊት መመስከር ብትፈልጉ፣ የሙያ ሥነ ምግባራችን እንደውም ይጠይቀናል፣ በእረፍት ሰዓታችሁ፣ ያለ ባጅ፣ በራሳችሁ ስም ይሁን።

አንድ የቀረኝ የሶሻል ወርክ የስራ ፈቃድ (ላይሰንስ) ፈተና ነው። ፈተናውን የሚያወጣው ድርጅት በ2022 ራሱ ባወጣው ቁጥር የክሊኒካል ፈተናውን በመጀመሪያ ሙከራ ያለፉት ከነጮች 83.9 በመቶ፣ ከጥቁሮች 45 በመቶ ነበሩ። ይሄ ማለት አልጋው አጠገብ የሚቆመው፣ ኬዙን የሚፈርመው፣ ሱፐርቫይዘር የሚሆነው ማን ነው የሚለው እዛ ኮምፒውተር ላይ እየተወሰነ ነው፣ ስለዚ ቀድማችሁ ያለፋችሁ ጀማሪዎቹን ይዛችሁ አጥኑ፣ በተለይ ጥያቄዎቹ ላይ "መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ" የሚለውን አይነት። ወድቃችሁ ከሆነም ብቻችሁን አይደላችሁም። አንዳንድ ስቴቶች እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋው ለሆነ ሰው ተጨማሪ ሰዓት ይፈቅዳሉ፣ ግን የሚጠየቀው ቀጠሮ ከመያዛችሁ በፊት ነው፣ ቀኑን ከያዛችሁ በኋላ ብትጠይቁ ላይሰጧችሁ ይችላሉ፣ ስለዚ መጀመሪያ የስቴታችሁ ቦርድ ጋ ደውሉ።